ከሦስት ሳጥን ወደ 22 ደቂቃ፦ «ዲልበርት» በቴሌቪዥን

ስኮት አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1989 በጋዜጣ የጀመረው «ዲልበርት»፣ በመሐንዲሱ ዲልበርት ዙሪያ የሚያጠነጥን የቢሮ ካርቱን፣ በአዘቦት ቀን ከሦስት የሥዕል ሳጥን አያልፍም ነበር። ጮክ ብለው ቢያነቡት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የቴሌቪዥኑ ክፍል ግን ማስታወቂያው ሲቀነስ 22 ደቂቃ ያህል ነው። አጫጭር ቀልዶችን ደርድሮ ይህን ሰዓት መሙላት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ቀልድ ታሪኩን ስለሚዘጋው ተመልካቹ ቀጥሎ የሚጠብቀው ነገር ያጣል።

አዳምስ ከኮሜዲ ጸሐፊው ከላሪ ቻርልስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 በአሜሪካው ዩፒኤን የቴሌቪዥን ጣቢያ ያስጀመረው ተከታታይ መፍትሔውን ያገኘው ከራሱ ከቢሮው ነው። 13 ክፍሎች ያሉትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ይዞ የሚሄደው «ግራንትማስተር 6000» የተባለ አንድ ምርት ነው። ታሪኩ ገና ሲጀምር አለቃው ምን እንደሚሠራ ላልታወቀ ዕቃ ስም እንዲወጣለት ያዛል። ከዚያ ናሙናው፣ ሙከራው፣ ማስታወቂያው እያለ ይቀጥላል። ሥራው ራሱ መነሻና መድረሻ ስላለው የስብሰባው ቀልድ ሁሉ ማረፊያ አገኘ። በእኛ ግምት ከዚህ የተሻለ ውሳኔ በተከታታዩ ውስጥ የለም።

ከባዱ ፈተና ዝምታው ነው። ወረቀት ላይ ቃል በሌለው ሳጥን ላይ የሚቆየው አንባቢው እንደፈለገ ነው፤ በስክሪን ላይ ግን ርዝመቱን አዘጋጁ ይወስናል። ቢያሳጥረው ቀልዱ ይታፈናል፤ ሙዚቃ ቢሞላበትም ያው ነው። ዳንኤል ስተርን ለዲልበርት የሰጠው የደከመ ድምፅና ክሪስ ኤሊዮት ለውሻው ለዶግበርት የሰጠው እርጋታ ይህን ክፍተት በሚገባ ይጠብቁታል። ሥዕሉም የራሱ ችግር አለው፦ የጋዜጣው ዲልበርት አፍ የለውም፤ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ግን አፉ መንቀሳቀስ አለበት። ወደ ላይ የታጠፈው ከረባትና ባዶው መነጽር ሳይነኩ ስለቀሩ ግን ፊቱ አልጠፋም። በዳኒ ኤልፍማን ሙዚቃ የታጀበው መክፈቻ በ1999 ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘ ነው፤ አይዝለሉት።

17 ክፍሎች ያሉት ሁለተኛው ምዕራፍ ግን እንደ ግራንትማስተሩ ታሪኩን የሚያያይዝ አከርካሪ የለውም። ታሪኩ ዲልበርትን እስከ ማስረገዝ ይሄዳል፤ ቅዠቱ ሲበዛ ቢሮው ይርቃል፣ ተመልካቹ የራሱን አለቃ የሚያይበት መስታወትም ይደበዝዛል። ተከታታዩ በሐምሌ 2000 በ30ኛው ክፍል ቆመ። የመጀመሪያዎቹን 13 በተርታ ይመልከቱ፤ ከሁለተኛው እየመረጡ ማየት ይበቃል።