ሽንኩርት የሌለበትን ቶርቲያ ቤታንሶስ ድረስ ሄደን በላን

ማድሪድ አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። አንዷ የማድሪድ ልጅ ናት፤ አንዱ የሰሜን ምዕራብ ስፔኗ ጋሊሲያ። በሌላው ነገር ሁሉ ይግባባሉ፣ የድንች ቶርቲያ (በድንችና በእንቁላል የሚሠራው የስፔን ኦምሌት) ከተነሳ ግን በቃ። እሷ ያለ ሽንኩርት አትበላም። እሱ ደግሞ "ድንቹና እንቁላሉ ጥሩ ከሆነ ሽንኩርት ምን ያደርጋል?" ይላል። ስፔኖች ለሁለቱም ወገን ስም አውጥተዋል፤ ባለ ሽንኩርቶቹ ሴቦዪስታ፣ እነዚያኞቹ ሲንሴቦዪስታ።

በመጨረሻ ሦስታችንም እዚያው ጋሊሲያ፣ ላ ኮሩኛ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ቤታንሶስ ሄድን። ከተማዋ የታወቀችው በዚሁ ቶርቲያ ነው፤ ሽንኩርት የለውም፣ መሃሉም አይረጋም። የገባንባት ቤት ትንሽ ናት። ካዘዝን በኋላ ስለሚሠሩት ትንሽ ጠበቅን፣ ግን ትኩሱን ነው ያመጡልን። ቢላው ሲገባበት እንቁላሉ ቢጫ ሆኖ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። የማድሪዷ ጓደኛዬ ደነገጠች፤ "ይሄ እኮ ጥሬ ነው!"

እኔ ወደድኩት። ድንቹ በስሱ ተቆርጦ የተጠበሰ ነው፣ ጠርዙ ትንሽ ቀላ ብሏል፣ የፈሰሰው እንቁላል ደግሞ ራሱ እንደ ስጎ ሆኖለታል። እዚህ ላይ ሽንኩርት ቢገባ የእንቁላሉን ጣዕም ይሸፍነው ነበር። ማድሪድ የለመድኩት ወፍራሙ፣ ድንቹ በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የሚለሰልሰውና በሳህን ተገልብጦ በደንብ የሚረጋው ሲሆን ግን ከጓደኛዬ ጋር ነኝ፤ ያለ ሽንኩርት ይደርቃል። ለእኔ ክርክሩ መጀመር ያለበት መሃሉ ምን ያህል ይርጋ ከሚለው ነው፣ ሽንኩርቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። (ታዋቂው የስፔን ሼፍ ፌራን አድሪያ በፓኬት ድንች ቺፕስ የሚሠራውን ሳነሳባቸው ሁለቱም አንድ ላይ ጮሁብኝ። ቤት ሞክሬዋለሁ፣ ለችኮላ ቀን በጣም ይሆናል።)

ቅር ያለኝ ዳቦው ነው፤ ደረቅ ነበር፣ ይሄን የመሰለ እንቁላል የሚጠረገው ደግሞ በዳቦ ነው። ጨውም ትንሽ አንሶታል። አንዱ ቶርቲያ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ብቻችሁን አትዘዙ። የፈሰሰ እንቁላል የማይስማማው ሰው ሲያዝ "ቢየን ኩዋሃዳ" ይበል፣ በደንብ የረጋ ማለት ነው። የማድሪዷ ሁለተኛውን ስናዝ እንደዚያ ብላ አዘዘች። ቀመሰችውና ትንሽ ቆይታ የእኛን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችው። ሽንኩርት ግን አሁንም ይጎድለዋል ትላለች።