ለሲስተራችን ምስጋና፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ደግሞ ጥቆማ

ማሙሽ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቅን ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው፤ ያወራል ወይ? ይበላል ወይ? የአሳዳጊዎች ሥልጠና የምትሰጠን ነርስ ግን ገና ቤቴ ስትገባ «አንቺስ እንቅልፍ ትተኛለሽ?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ሥልጠናው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፤ 9 ጊዜ በቡድን እንገናኛለን፣ 3 ጊዜ ደግሞ ቤት ድረስ ትመጣለች። ማሙሽ ቆርኪ ይደረድራል፣ በቀለም በቀለም ለይቶ ከግድግዳው እስከ በሩ። የነካበት ሰው ካለ ጩኸቱ ሰፈር ይሰበስባል። ሲስተር ጫማዋን አውልቃ መሬት ቁጭ አለችና ምንም ሳትናገር የራሷን ቆርኪ መደርደር ጀመረች። ቆይቶ ዞር ብሎ አያት። ቢጫውን ቆርኪ በእጇ ይዛ ስትጠብቀው እጁን ዘረጋ፤ «ስጪኝ» አለችለትና ሰጠችው። አሁን እሱ ራሱ «ስጪ» ይላል። በእኛ ቤት ይሄ ድግስ የሚያስደግስ ነው!

አንድ ቀን በቡድናችን የወላጅ ጭንቀት ተነሳ። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶችና ጎልማሶች ልጆች ካሏቸው እናቶች ምራቅ ወስደው ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለክተው ነበር አለችን። ጥናቱ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። መጠኑ ከፍ ይላል ስንል ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ለረጅም ጊዜ በውጥረት የኖረ ሰውነት ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ ከጦር ሜዳ በተመለሱ ወታደሮችም ታይቷል። ከመካከላችን አንዷ «ታዲያ ጡረታችን የታለ?» ብላ አሳቀችን።

የአገራችንንም ነገረችን። አዲስ አበባ ውስጥ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው፤ ከአሥሩ ከአራት በላይ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ይህን ስትሰማ ነው አንዲት እናት እንግዳ ሲመጣ ልጇን ጓዳ እንደምታስገባ የነገረችን። ማንም አልፈረደባትም። ጸበል የሚሄዱትንም ሲስተር አትነቅፍም፣ «እሱንም ያዙ፣ ይሄንንም ያዙ» ነው የምትለው።

ባለቤቴን ደግሞ ቅዳሜ ጠብቃ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ማሙሽን የሚያስተኛው እሱ ነው። (አማቴ እስካሁን አልተዋጠላቸውም፣ ይለመዳል።)

እውነቱን ለመናገር ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ በጽሑፍ መልእክት ትሻላለች። ይድናል ብላ ተስፋ አትሸጥም፤ ምርመራ የሚያስፈልገውን ወደ ሆስፒታል ትልካለች። አዲስ ቡድን ልትጀምር ስለሆነ ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆነው ልጅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስሟን ያልጻፍኩት ራሷ ስላልፈለገች ነው።

ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።