ስም የሚጽፍ ሱቅ፦ በጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚገኘው የሥዕልና የእንጨት ሥራ መሸጫ

በጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። በሩ ላይ «ሥዕልና የእንጨት ሥራ» ከሚለው ጽሑፍ በቀር ሌላ ማስታወቂያ የለውም። ባለፉት ስምንት ወራት ሁለት በርጩማና አንድ ረከቦት ገዝቼበታለሁ፤ አንድ ሥዕልም አሠርቼበታለሁ። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ሥራቸውን ለሽያጭ የሚያቀርቡት እዚሁ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ቤት ያለኝ ስሜት የአንድ መንገደኛ ገዢ ስሜት ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ሱቁ ከከተማው፣ እንዲሁም ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማናና ከአጋሮ አካባቢ የሚመጡ ወጣቶችን ሥራ በአደራ ተቀብሎ ይሸጣል። ወጣቱ ዕቃውን ሲያስረክብ በሁለት ቅጂ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ራሱ የተመነው ዋጋ ይጻፋል፤ የሱቁ ድርሻ ከመቶ 20 ነው፤ ዕቃው በተሸጠበት ዕለት ቀሪው ገንዘብ በቴሌብር ይላክለታል። ተማሪዎቼን ጠይቄ እንዳረጋገጥኩት ክፍያው ከማግስቱ አልፎ አያውቅም። ይህ ብቻውን በቂ ምስጋና በተገባው ነበር፤ እኔን ግን ደጋግሜ እንድመለስ ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ አንዲት ትንሽ ካርድ ትንጠለጠላለች፤ በላይዋም የሠሪው ሙሉ ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ እንጨቱ ወይም ቀለሙ ምን እንደሆነና ሥራው የተጠናቀቀበት ወር ተጽፏል።

ይህች ካርድ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነች የሚረዳ ሰው የጅማን በርጩማ ታሪክ የሚያውቅ ነው። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ፣ ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ በሦስት እግሩ የሚቆመው በርጩማ በአገሪቱ በሙሉ ይታወቃል፤ እግሩ ሦስት በመሆኑም ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ እንኳ ሳይወላገድ ይቀመጣል። ሐሙስ ገበያ ላይ ነጋዴ ከጠራቢው ይገዛዋል፣ መኪና ላይ ይጫናል፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ «የጅማ በርጩማ» ይባላል። የከተማዋ ስም አብሮት ሄዷል፤ የጠራቢው ስም ግን ገበያው ውስጥ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ዛሬም ቆሟል፤ ተማሪዎች ይዤ ብዙ ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ፤ በሰገነቱ እንጨት ሁሌም እንደነቃለሁ፤ ነገር ግን የጠራቢዎቹን ስም የነገረኝ አንድም አስጎብኚ አላጋጠመኝም። በእጁ የሚሠራን ሰው፣ ሸክላ ሠሪውንም ቀጥቃጩንም ቆዳ ፋቂውንም፣ ሥራውን እየፈለጉ ራሱን መናቅ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው በደል ነው። ከእንዲህ ዓይነት ልማድ በኋላ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ስሙን በራሱ እጅ ጽፎ ከሥራው ጋር ሲያስር ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ዕቃው ጥራት ልመለስ። የመጀመሪያውን በርጩማ በታኅሣሥ ወር በ2,200 ብር ገዛሁ። ዋንዛ ነው፤ መቀመጫው ሰፊ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ቀስ ብለው የሚከፈቱ፣ ጠርዙ በጥንቃቄ የለሰለሰ። ከዓመታት በፊት ከሌላ ቦታ የገዛሁት በርጩማ በጋው ሳይጋመስ ከመሐል ተሰንጥቆብኝ ስለነበር ይህኛውን በሥጋት እየተመለከትኩ አስቀመጥኩት፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ስንጥቅ አላሳየም። ምክንያቱን ከራሱ ከጠራቢው ሰማሁ። እርጥብ እንጨት ለመሮ ስለሚመች ብዙዎች እንደተቆረጠ ጠርበው፣ አሳምረው፣ በዚያው ሳምንት ይሸጡታል፤ የእንጨቱ ላይኛ ክፍል ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅና ሲኮማተር ግን መሰንጠቁ አይቀርም። እርሱ በእርጥብነቱ ቅርጹን በወፍራሙ ያወጣና ፀሐይ በማይነካው፣ ነፋስ በማይመታው ጥላ ሥር ለወራት ያቆየዋል፤ የመጨረሻውን ጥረባ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሱቁም ዕቃ ሲረከብ እንጨቱ የተቆረጠበትን ወር ይጠይቃል፤ ያልደረቀ ከሆነ አይቀበልም። ገንዘብ ቸግሮት ለመጣ ልጅ ይህ መራራ መልስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ትክክለኛ ነው እላለሁ፤ የተሰነጠቀ በርጩማ ከገዢው ይልቅ ስሙን የጻፈበትን ልጅ ይጎዳልና።

ሁለተኛው በርጩማ አንዱ እግሩ በጥቂቱ አጥሮ ስለነበር በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቀመጡበት ዘንበል ይል ነበር። ካርዱ ላይ ስም ስላለ ሱቋ ውስጥ ያለችው ወጣት ወዲያው ደወለችለት፤ ልጁም በሚቀጥለው ሐሙስ ለገበያ ሲመጣ መሮውን ይዞ ቤቴ ድረስ መጥቶ አስተካከለው። ዋጋ እንክፈል ስንለው «መምህር፣ ስሜ ያለበት ዕቃ እኮ ነው» ብሎ እምቢ አለን። ቡና ጠጥቶ፣ መርቆን ሄደ።

የሥዕሉ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የተሳካ አልነበረም። በሰኔ መጨረሻ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ስጦታ እንዲሆን፣ ሰቃ የሚገኘውን የወላጆቿን ቤት ከነግቢው በዘይት ቀለም እንዲሣልልኝ አዘዝኩ። ዋጋው 9,000 ብር ሆኖ 3,600 ብር ቀብድ ከፈልኩ፤ ቀብዱ በሙሉ ለሠዓሊው የሚሰጥ በመሆኑ ሸራና ቀለም ከአዲስ አበባ ለማስመጣት አልተቸገረም። ልጁ ሰቃ ድረስ ሄዶ ቤቱን በዓይኑ አየ፤ ሦስት የእርሳስ ንድፍ አምጥቶ አስመረጠኝ፤ ከሦስቱ የመረጥኩት የቤቱን ፊት ሳይሆን እናቲቱ ቡና የሚያሰጡበትን የጓሮ ደጅ የሚያሳየውን ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው አሠራር እጅግ የሚያስደስት ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ከቀጠሮው 12 ቀን ዘገየ፤ መዘግየቱም የተነገረኝ የቀጠሮው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በጅማ ክረምት፣ አየሩ ውኃ ባዘለበት ሐምሌ፣ የዘይት ቀለም ቶሎ እንደማይደርቅ ሱቁ ሊያውቅና ገና ከትእዛዙ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ይባስ ብሎ ሥዕሉ በደንብ ሳይደርቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ስለተሰጠኝ ወረቀቱ ከሰማዩ ቀለም ጋር ተጣብቆ ነበር። ሠዓሊው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክሎታል፤ ሥዕሉም ለሠርጉ በሁለት ቀን ቀድሞ ደርሷል፤ ነገር ግን ያ ሳምንት ለእርሱም ለእኔም የጭንቀት ሳምንት ነበር። በክረምት የምታዙ ሰዎች ወይ በአክሪሊክ ቀለም አሠሩ፣ ወይ ቀጠሮውን ወር ያህል አራዝሙ።

ሥዕሉን ስረከብ ከፈረምኩት ውል ላይ አንድ የማላውቀውን ነገር ተማርኩ። ሥዕሉን መግዛት ማለት ሥዕሉን አባዝቶ የመሸጥ ወይም ለንግድ የመጠቀም መብትን መግዛት አይደለም፤ ይህም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ የተመሠረተ ነው። አዋጁ የሠዓሊውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቅለታል። ነገሩ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ ከተማሪዎቼ አንዷ የሣለችውን የቡና ለቀማ ሥዕል አንድ ነጋዴ ለቡና ማሸጊያው ሊያትመው በፈለገ ጊዜ ሱቁ ለብቻው የተጻፈ ውል አዘጋጅቶ፣ ከሥዕሉ ዋጋ ውጭ ለልጅቷ እንዲከፈላት አድርጓል። ቡና በየደጁ በሚበቅልበት በዚህ አገር ለሠዓሊ ትልቁ ገበያ የሳሎን ግድግዳ ሳይሆን ማሸጊያው ሊሆን እንደሚችል ያን ዕለት ነው የገባኝ።

ከሱቁ ጀርባ መሮ፣ መጋዝ፣ የሥዕል ማቆሚያና ጥሩ ብርሃን ያለበት ክፍል አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች በነፃ ይሠሩበታል። ይህ ግን ትምህርት ቤትን አይተካም፤ ሱቁም ይተካል አይልም። ሥዕልን በወጉ መማር የሚሻ ልጅ ዛሬም ዓይኑ የሚያርፈው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ገንዘብ፣ የማደሪያ ዘመድና «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የሚለውን አባት ማሳመን ያስፈልጋል። ከወላጆች ጋር ስለዚህ ጉዳይ ስነጋገር በ2013 ዓ.ም. ያረፉትን ሠዓሊ ለማ ጉያን አነሣለሁ፤ አየር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ፣ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁና ሙዚየማቸውን ቢሾፍቱ ላይ ያቆሙ ሰው ነበሩ። ያም ሆኖ አባቶችን ከእኔ ቃል ይልቅ የሚያሳምናቸው በልጃቸው ስልክ የገባው የ7,200 ብር መልእክት መሆኑን ታዝቤያለሁ፤ በዚህም አልፈርድባቸውም።

ለሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ነገር ልጨምር። ዓርብ ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ሶላት ይዘጋል። መኪና ማቆሚያ ስለሌለው በባጃጅ መሄድ ይሻላል፤ የበሩ ደረጃ ከፍ ያለ በመሆኑ ለአረጋውያን ያስቸግራል። ደረሰኙ በእጅ የሚጻፍ ስለሆነ ለመሥሪያ ቤት የሚገዙ ሰዎች አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ከሁሉም የከበደ ነው። በሱቁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ሰፌድ፣ ሞሰብና ልዩ ልዩ ስፌት ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ከላይ ከተሰቀሉት ሥዕሎች የማይተናነስ የቀለም ዕውቀት ያለበት ነው፤ ካርድ ግን የለውም። በርጩማው ስም አለው፣ ሥዕሉ ስም አለው፣ ስፌቱ ግን ዋጋ ብቻ ተለጥፎበታል። ሰፊዎቹ በአብዛኛው ከገጠር ቀበሌዎች የሆኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። ምክንያቱን ስጠይቅ ስፌቱ በአንዲት ሰብሳቢ በኩል በጅምላ ስለሚመጣ የማን ሥራ እንደሆነ እንደማይለይ ተነገረኝ። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ሐሙስ ገበያ ላይ የበርጩማ ነጋዴው ሲሰጥ የኖረው መልስም ይኸው ነበር። ለሱቋ ኃላፊ ይህንኑ በግልጽ ነገርኳት፤ ሳትከፋ አዳመጠችኝ፤ ለሰብሳቢዋ ባዶ ካርዶችና እስክሪብቶ እንደምትልክም ቃል ገባችልኝ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ከተደረደሩት ስፌቶች ሦስቱ ካርድ ነበራቸው፤ የአንዱ ካርድ ጽሑፍ ገና መጻፍ የለመደ እጅ የጻፈው ይመስላል። እርሱን ሞሰብ ገዛሁት።