ላስቲኩ ግሩም፣ ማግኔቱ ግን የጠበቀ፦ የህዋስ ክፍፍል ማስተማሪያ ሞዴል

ለሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ የገዛሁት ይህ ሞዴል የፕላስቲክ ክሮሞዞሞች፣ ሁለት ዋልታዎችና ጫፋቸው ላይ ብረት የተሰካባቸው ክሮች አሉት። እያንዳንዱ ክሮሞዞም በላስቲክ ከተያያዙ ሁለት እህትማማች ክሮማቲዶች (የአንድ ክሮሞዞም ተመሳሳይ ቅጂዎች) የተሠራ ሲሆን፣ ወገቡ ላይ ግራና ቀኝ ካይኔቶኮርን፣ ማለትም ክሮሞዞሙ በክሮቹ የሚያዝበትን የፕሮቲን ክፍል፣ የሚወክሉ ትናንሽ ማግኔቶች ተለጥፈውበታል።

የወደድኩት ላስቲኩን ነው። ከተቃራኒ ዋልታዎች የመጡት ክሮች እህትማማቾቹን ወደየራሳቸው ሲስቡ ላስቲኩ ሲወጠር በዓይን ይታያል፤ ሁለቱም ክሮች ከአንድ ዋልታ ከመጡ ግን እንደላላ ይቀራል። የጉዳዩ ቁልፍም እዚሁ ላይ ነው፤ ህዋስ ትክክለኛውን አያያዝ ከስሕተቱ የሚለየው በዋናነት በውጥረት ነውና።

ትልቁ ጉድለት ማግኔቱ ከመጠን በላይ መጥበቁ ነው። በህዋስ ውስጥ ውጥረት የሌለው አያያዝ አይጸናም፤ ኦሮራ ቢ የተባለው ኤንዛይም በካይኔቶኮሩ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየጨመረ ማይክሮቲዩብሉ (በሞዴሉ በክሩ የተወከለው የህዋስ ክር) እንዲላቀቅ ስለሚያደርግ፣ ክሮሞዞሙ እንደገና በትክክል የመያዝ ዕድል ያገኛል። እዚህ ግን የተሳሳተውን ክር በጥፍር መፈልቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዴ እንዲያውም ማግኔቱ ራሱ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

በአንድ ካይኔቶኮር አንድ ክር ብቻ መያዙም ለዳቦ እርሾ ህዋስ እንጂ ለሰው አይሆንም፤ በሰው ህዋስ ቁጥሩ ወደ 20 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ አንዱ ካይኔቶኮር በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ዋልታዎች የሚያዝበትንና ክሮማቲዱን መሀል መንገድ ላይ የሚያስቀረውን ስሕተት ማሳየት አይቻልም። የመመሪያው ወረቀት ግልጽ ነው። ለጀማሪ ተማሪ እመክረዋለሁ፤ እኔ ግን ማግኔቶቹን በደካማ ለመቀየር ተገድጃለሁ።