እማዬን ከወንበር ያስነሳችልን ፊዚዮቴራፒስት፦ ደሴ ላላችሁ

ሰላም የደሴ ልጆች፣ ኮምቦልቻ ያላችሁም። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ሰነበትኩ። ትናንት መግሪብ ላይ እማዬ ሱጁድ ወርዳ ማንንም ሳትይዝ ስትነሳ አየኋትና ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰገደችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

እማዬ 72 ዓመቷ ነው። ቤታችን ሸዋ በር አካባቢ ዳገት ላይ ነው። ጉልበቷን ሲያማት መጀመሪያ የከበዳት ዳገቱን መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነበር። ቀስ በቀስ ጎረቤት ቡና ሲጠራት «ዛሬስ ይቅርብኝ» ማለት ጀመረች። ገበያ ቀረ። ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ ቀረ፣ እማዬ ለቅሶ ስትቀር ነው ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቅነው። እኛ ልጆቿ ደግሞ እንዳይደክማት ብለን ውሃውን እናቀብላታለን፣ ጀበናውን ከእጇ እንቀበላታለን፣ «አንቺ አረፍ በይ፣ እኛ አለን አይደል» እንላታለን። ስንወዳት ነው እንዲህ ያደረግነው። የጎዳናትም በዚሁ ነው።

ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ተባለ። ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ሙቀቱ ይሻላታል ብለን ሁለት ወር አስቀመጥናት። አየሩን ወደደችው፣ ጉልበቷ ግን ያው። አንድ ክሊኒክ እያመላለሰ ማስታገሻ ወጋትና በመጨረሻ «እድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ሸኘን። ከዚያ ወዲህ እኔው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየገዛሁ እሰጣት ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዳይክሎፌናክ በእድሜ ለገፋ ሰው ለጨጓራም ለኩላሊትም አደገኛ ነው፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል፣ እማዬ ደግሞ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ይህንንም የነገረችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ በእንቅስቃሴ የምታክመው ልጅ ናት።

ልጅቷን የጠቆመችን ጎረቤታችን ነች። ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፣ ከሥራ በኋላ ቤት ለቤት ትሄዳለች። የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ የእማዬን ጉልበት አልነካችም። «እማማ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና ከወንበሩ ይነሱልኝ» አለቻት። እማዬ ሞከረች። ወደ ፊት ዘንበል አለች፣ እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሳ ቁጭ። ሦስት ጊዜ። ያን ቀን ነው እናቴን ከልቤ ያየኋት መሰለኝ። ልጅቷ የእማዬን ጭን በእጇ ያዝ አድርጋ «ጉልበቱን የሚሸከመው ይሄ ነው፣ እሱ ነው የከሳው» አለችን።

በኋላ እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ጡንቻ ከ30ዎቹ እድሜ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ጤነኛ አረጋውያንን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ አስተኝተው ሲለኩ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። በ10 ቀን! እኛ እማዬን ያስቀመጥናት ሁለት ዓመት ነው።

ስለ መገጣጠሚያው ያስረዳቻትን ደግሞ አልረሳውም። አጥንት ጫፍ ላይ ካርቲሌጅ የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለ፣ የደም ሥር የለውም። «እማማ፣ እቃ የሚያጥቡበት ስፖንጅ አለ አይደል? ሲጨመቅ ያለውን ይተፋል፣ ሲለቀቅ ይጠጣል። ጉልበትዎም ምግቡን የሚያገኘው እንደዚያ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ አይጠጣም።» የሳሳው ተመልሶ እንደማይወፍርም በግልጽ ነገረቻት። ብርዱስ ስትላት «ያስተሳስራል እንጂ አጥንት አያሳሳም» አለቻት።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ መጀመሪያ ትራስ ደርበንበት ከፍ ካለ ወንበር። ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም። አሸዋ የሞላንበት ሃይላንድ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስራ እግር መዘርጋት። እማዬ ቁጥሩ ሲምታታባት ሙስበሃዋን አወጣች፣ በተነሳች ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፋለች። በ3 የጀመረች ሴት አሁን 12 ታደርሳለች። አንድ ቀን ሰልችቷት «አንቺ ልጅ፣ በዚህ እድሜዬ ምን ጡንቻ ላወጣ ነው» አለቻት። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ ቦስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፤ አማካይ እድሜያቸው 90 የሆነ 10 ደካማ አረጋውያን ክብደት ማንሳት ጀመሩ፣ 8 ሳምንቱን የጨረሱት የ9ኙ የእግር ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሯል። ይህን ሳነብላት «90?» ብላ ወንበሩን ሳበች።

ልጅቷ ስለ ምግቧም ጠየቀቻት። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታም ሻይ በዳቦ። የስንቶቻችን እናት ናት እንዲህ የምትውለው? አሁን ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ላይ ምስር ወይ ሽሮ ጠብሰቅ ያለ፣ ማታ ወተት አለ።

ሁለተኛው ፍርሃታችን መርሳቷ ነበር። የነገርናትን ደግማ ትጠይቃለች፣ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ትላለች። በሆዳችን «ጃጅታለች» ብለን ጨርሰን ነበር። ልጅቷ ግን እማዬ ፊት ለፊት ሲያወሯት እንደምትመልስ፣ ከጎን ሲያወሯት ግን እንደማትመልስ አስተዋለች። «መጀመሪያ ጆሮዋን አሳዩ» አለችን። ሐኪም ሲያየው ሁለቱም ጆሮዋ በኩክ ተደፍኗል። ያልሰማችውን ነገር ከየት አምጥታ ታስታውሰው! ሁሉም መርሳት እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። በእድሜ አእምሮ ዘገም ይላል፣ ስም ከአፍ ቶሎ አይመጣም፣ ይሄ የተለመደ ነው። የሚያውቀው መንገድ የጠፋበት፣ የብር ኖት የተምታታበት ሰው ግን ሐኪም ይየው። መራመድም ለአእምሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት አንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በእግራቸው የሄዱ አረጋውያን ትውስታን የሚይዘው የአንጎል ክፍላቸው በ2 በመቶ ገደማ አድጓል። እማዬም ዳገቱን ጀምራለች። ቡናም ትጠራለች፣ ወሬዋም ተመልሷል፣ ማታ ማታ እኛን ዝም የምታሰኘው እሷ ሆናለች።

ጉልበቷ ጨርሶ አልዳነም። ጠዋት ተሳስሮ ሲይዛት እስኪፍታታ ድረስ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ስትነሳም ይንቋቋል። ግን ትነሳለች።

አንቺ ፊዚዮቴራፒስት እህቴ፣ ስምሽን ያልጻፍኩት እንዳልጽፍ ስለነገርሽኝ ነው። ዝናብ ሲጥል እንኳን ያንን ዳገት በእግርሽ ወጥተሽ ሰዓትሽን አንድ ቀን ሳታዛንፊ መጥተሻል። የእናቴን ምርቃት ሁሉ አግኚ።

ለምትፈልጓት፦ ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች፣ መጀመሪያ መጥታ ሳታይ ቀጠሮ አትሰጥም። ጉልበቱ ያበጠና የሚያቃጥል፣ ወይም በቅርብ የወደቀ ሰው ከሆነ ሆስፒታል ታይቶ ይምጣ ትላለች። ኮምቦልቻ ቅዳሜ ብቻ ነው የምትወርደው። ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።