ደብረ ብርሃን ላይ የጂን ምርመራ ናሙና ወደ ውጭ የሚልከው ላብራቶሪ፣ ደም አወሳሰዱ ምርጥ ውጤት አሰጣጡ ግን...

የልጄን ደም ለጂን ምርመራ ያስላክነው እዚሁ ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የግል ላብራቶሪ ነው፣ ስሙን አልጠራም ግን ሌላ ቤተሰብ ሊጠቅመው ስለሚችል ያየሁትን ልጻፍ።

ደም የወሰደችው ልጅ እጇ ይባረክ፣ አባብላ በአንድ ወግታ ጨረሰች፣ ቱቦው ላይ ስሙን እኛ ፊት ጽፋ አስነበበችን። አዲስ አበባ መመላለስም ቀረልን። ክፍያው ይከብዳል ግን ቁርጡን ከመጀመሪያው ነግረውናል፣ ኋላ የተጨመረ የለም።

ልጁ ትኩሳት ድንገት ይነሳበታል፣ ሆዱን አጣጥፎ ይይዘዋል፣ ሁለት ሶስት ቀን ያሰቃየውና ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ሸዋ ሮቢት አያቱ ጋ ሲሆን ወባ ነው ይሉታል፣ እዚህ ሲሆን ታይፎይድ፣ እናቴ ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ትጨምቅለታለች፣ አንዴማ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ኦፕሬሽን ሊገባ ነበር። ሀኪሙ የባለቤቴ ቅድመ አያት አርመን እንደነበሩ ሲሰማ ነው የሜዲትራንያን የቤተሰብ ትኩሳት የሚባለውን በዘር የሚወረስ በሽታ የጠረጠረው፣ አርመኖች፣ ቱርኮች፣ አረቦችና አይሁዶች ላይ ይበዛል።

ችግሩ ውጤቱ ሲመጣ ነው። በቴሌግራም ፒዲኤፍ ላኩልን፣ እንግሊዝኛ ብቻ፣ ኤም 694 ቪ አንድ ቅጂ፣ ኢ 148 ኪው አንድ ቅጂ ይላል፣ እነዚህ የጂን ለውጥ (ሚውቴሽን) መለያ ስሞች ናቸው። ስንሄድ ካውንተር ላይ ያለው ሰውዬ "ሁለት ሚውቴሽን አለበት፣ በቃ ፖዘቲቭ ነው" ብሎ ሸኘን። እንደዚህ ለወላጅ አይነገርም! ሁለቱ እኩል አይደሉም እኮ። ጂኑ ኤምኢኤፍቪ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1997 ነው የተገኘው፣ ፓይሪን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፣ እሱ ደግሞ ሰውነት ጀርም ሲመጣበት ብግነት (ትኩሳት፣ እብጠትና ሕመም) የሚያስነሳ ነው፣ ጂኑ ሲለወጥ በትንሽ ነገር ይነሳል። ኤም 694 ቪ ከባዱ ነው፣ በተለይ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ። ኢ 148 ኪው ግን ብዙ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል፣ ብቻውን በሽታ ያመጣል ወይ በሚለው ባለሙያዎቹም አልተስማሙም፣ ሪፖርቱ ራሱ ከስር በትንሽ ፊደል ትርጉሙ አልተረጋገጠም ብሎ ጽፎታል፣ ማን ያንብበው! ደግሞ ሁለቱ ከአንዳችን ይምጡ ወይ ከሁለታችን እኛ ሳንመረመር አይታወቅም።

ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሀኪሙ ነው፣ እግዜር ይስጠው። በሽታው የሚለየው በዋናነት በሕመሙ ጠባይ ነው፣ ጂኑ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይወስንም፣ ጂኑ ንጹህ ሆኖ የሚታመምም አለ አለን። ለሪህ የሚሰጠውን ኮልቺሲን አስጀመረው፣ ለዚህ በሽታ ከ1972 ጀምሮ የሚታወቅ መድኃኒት ነው፣ ተሽሎታል ብላችሁ እንዳታቋርጡ፣ ብግነቱ ሲደጋገም አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ኩላሊት ላይ ተጠራቅሞ ያበላሸዋል ብሎ አስጠንቅቆናል። ሽንቱንም እያስመረመርን ነው። ተመስገን፣ ልጁ አሁን ትምህርት ቤት አይቀርም።

ለናሙና ከሆነ ሂዱ እላለሁ፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ጂኑ ሙሉውን ይነበባል ወይስ የተመረጡ ቦታዎች ብቻ ብላችሁ ጠይቁ፣ ፒዲኤፉንም ቀጥታ ለሀኪማችሁ ውሰዱ። ኃላፊዋን በአማርኛ አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዙ ብያቸዋለሁ፣ እናስብበታለን ብለውኛል።