እንግሊዝኛ ለመናገር አፋችሁ ለተሳሰረ ሁሉ፦ እኚህን መምህርት ልጠቁማችሁ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ማታ ማታ የንግግር እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት አሉ። እኛ «ቲቸር» ነው የምንላቸው። እድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ከእሳቸው በፊት ያልሞከርኩት ቦታ የለም። ስም አልጠራም። አንዱ ጋ «በሦስት ወር እንግሊዝኛን እንደ ውሃ» ተባልንና ብሩን አስቀድመን ከፈልን። ከዚያ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያልን ደብተር ስንሞላ ከረምን። የሚያወራው አስተማሪው ብቻ። ሌላው ጋ ደግሞ የተሳሳተ ሰው ይሳቅበታል፤ አስተማሪው ራሱ አብሮ ይስቃል። እኔ ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለምትሠራ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቲቸር የመጀመሪያ ቀን ደብተር አላስወጡንም። ብጣሽ ወረቀት አደሉን። ላሊበላ ሄዶ የሚያውቅ፣ ግመል ጋልቦ የሚያውቅ፣ ጥሬ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ፈልጉ ይላል። ተነስተን ክፍሉን እየዞርን «ሃቭ ዩ ኤቨር...» እያልን መጠየቅ ነው። «የስ፣ አይ ሃቭ» ያለ ሰው በቀላሉ አይለቀቅም። መቼ? ከማን ጋር? ይባላል። ጊዜው ሲጠራ ደግሞ «አይ ሃቭ ቢን» ቀርቶ «አይ ዌንት» ይሆናል። የሰዋስው ስሙን ዛሬም በቅጡ አልይዘውም፤ አፌ ግን ለምዶታል።

እኔ ጥጌን ይዤ ቆሜ ነበር። ቲቸር ራሳቸው መጡ። የጎንደር ልጅ መሆኔን ሰምተው ኖሮ፣ ጥምቀትን ፋሲል መዋኛ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ጥር 11 ጠዋት ውሃው ሲባረክ፣ ወጣቱ እየዘለለ ሲገባ ያየሁትን ነገርኳቸው። ስንቴ እንደተደነቃቀፍኩ! አንዴም አላቋረጡኝም። አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው እስክጨርስ ሰሙኝ። በኋላ ሰሌዳው ላይ የተሳሳቱ አረፍተ ነገሮች ጻፉ። የማን እንደሆኑ አልተናገሩም፤ ሁላችንም ተጋግዘን አረምናቸው። አንዱ የእኔ እንደነበር የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እንዲህ ያለ አስተማሪ ከየት ይገኛል?

አሁን እንግዳ ሲመጣ ቀድሜ የማወራው እኔ ነኝ።

እባካችሁ ሂዱ፣ አትቆጩም። በተለይ ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ ሊገባ ከሆነና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሊሆንበት ከሆነ ቶሎ አስመዝግቡት። ክረምት ላይ ለተማሪዎች የጠዋት ክፍል አላቸው፤ ብዙ ሰው ስለማይቀበሉ ወዲያው ይሞላል። ስልካቸውን አደባባይ ማውጣት አልፈለግሁም። በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ።